ጎማም ማርሽ ነው፦ የናፍጣ ፒክአፕ ጉልበት ስሌት

ሁለት ሃይሉክስ ፒክአፖች ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርደው፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረው ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ጀመሩ እንበል። የተመረቱበት ዓመት አንድ፣ ሞተራቸው አንድ፣ የጫኑትም እኩል ነው። አንደኛው ፋብሪካው የገጠመለትን ጎማ እንደያዘ ነው። የሁለተኛው ባለቤት ግን መኪናው ከፍ እንዲልለት፣ ለድንጋይና ለጭቃም እንዲመች ብሎ ተለቅ ያለ ጎማ አስገጥሟል። ዳገቱ ሲጠና የመጀመሪያው በአራተኛ ማርሽ ይገፋል። ሁለተኛው ያቃስትና ወደ ሦስተኛ ይመልሳል፤ ከጭስ ማውጫውም ጠቆር ያለ ጭስ ይወጣል። ባለቤቱ ጋራዥ ሲደርስ የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ፊልትሮው ተደፍኖ ይሆን? ኢንጀክተሩ ይሆን? ቱርቦው ደክሞ ይሆን? መካኒኩ ሁሉንም ፈትሾ "ደህና ነው" ይላል። እውነቱን ነው፤ ሞተሩ ምንም አልሆነም። የተቀየረው ማርሹ ነው፤ የቀየረውም ጎሚስታው ነው።

ጎማ የማርሹ ሥርዓት የመጨረሻው ክፍል ነው። ቁመቱን የለወጠ ሰው፣ ካምቢዮውንም ዲፈረንሻሉንም ሳይነካ፣ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ፣ ኋላ ማርሹን ጨምሮ፣ ሁሉንም ማርሾች በአንድ ጊዜ ለውጧል። ይህ ለውጥ በሜዳ ላይ ብዙም አይሰማም። በዳገት፣ በጭነትና አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ ግን ዋጋው ይታወቃል። ለምን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንየው።

ከሞተር እስከ አስፋልት

ሞተር የሚሰጠን ሁለት ነገር ነው፦ ዙርና ቶርክ የሚባለው የማዞር ጉልበት። የፒክአፕ የናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በደቂቃ ወደ 800 ዙር፣ እስከ ጥጉ ሲነዳ ደግሞ ወደ 4,000 ዙር ይሽከረከራል። የጎማው ዙር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ፒክአፕ ጎማው በደቂቃ የሚዞረው 550 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት የሚያስታርቁት ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ናቸው። ዙሩን ይቀንሳሉ፤ በቀነሱት ልክም የማዞር ጉልበቱን ያበዛሉ። ሾፌሮች አንደኛና ሁለተኛን ከባድ ማርሽ፣ አራተኛና አምስተኛን ቀላል ማርሽ የሚሏቸው ለዚህ ነው። ከባዱ ማርሽ ፍጥነት ወስዶ ጉልበት ይሰጣል፤ ቀላሉ ጉልበት ወስዶ ፍጥነት ይሰጣል።

በብዙ የናፍጣ ሃይሉክሶች ላይ የተገጠመውን ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ለምሳሌ እንውሰድ። ምጥጥኖቹ ሲጠጋጉ አንደኛው 4.31፣ ሁለተኛው 2.33፣ ሦስተኛው 1.44፣ አራተኛው 1፣ አምስተኛው 0.84 ናቸው። በአራተኛ ማርሽ ካምቢዮው ምንም አይቀንስም፤ ሞተሩ አንድ ሲዞር ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግም አንድ ይዞራል። ቀጥሎ ዲፈረንሻሉ አለ። በውስጡ መካኒኮች ፒኞንና ኮሮና የሚሏቸው ሁለት ጥርሳም ብረቶች ይገኛሉ። ፒኞኑ 11 ጥርስ፣ ኮሮናው 43 ጥርስ ቢኖረው፣ 43 ለ11 ሲካፈል 3.909 ይሆናል። ጎማው አንዴ እንዲዞር ዘንጉ አራት ጊዜ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መዞር አለበት ማለት ነው። በአንደኛ ማርሽ የሁለቱ ብዜት ወደ 16.9 ይደርሳል። ሞተሩ ወደ 17 ጊዜ ሲዞር ጎማው ገና አንዴ ዞረ፤ የማዞር ጉልበቱም፣ በመንገድ የሚባክነው ሳይቆጠር፣ በዚያው እጥፍ ተባዛ።

ሒሳቡ እዚህ ላይ ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው። መኪናውን ወደፊት የሚገፋው ግን ጎማው መሬቱን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ነው። ይህ ኃይል የሚገኘው አክስሉ ላይ የደረሰው ቶርክ ከአክስሉ መሐል እስከ መሬት ላለው ርቀት ሲካፈል ነው። ጎማው ከፍ ባለ ቁጥር ይህ ርቀት ይረዝማል፤ አካፋዩ ሲያድግ የመግፊያው ኃይል ያንሳል። በአንጻሩ ጎማው አንዴ ሲዞር የሚሸፍነው መንገድ ይጨምራል። ፍጥነት ወስዶ ጉልበት መስጠት፣ ጉልበት ወስዶ ፍጥነት መስጠት የማርሽ ሥራ ነው ካልን፣ ጎማም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር

በብዙ ሃይሉክሶች ላይ 265/65አር17 የሚል ጎማ ይታያል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የ265 65 በመቶ 172 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ ስለሚቆጠር 344.5 ይሆናል። 17 ኢንች ደግሞ 431.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ የጎማው ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ዙሪያው ሲለካ ወደ 2.44 ሜትር ነው።

ባለቤቱ 285/70አር17 ቢያስገጥም፣ በተመሳሳይ ስሌት ቁመቱ 831 ሚሊ ሜትር፣ ዙሪያው ወደ 2.61 ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። በዓይን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ወደ ማርሽ ሲተረጎም ግን ዲፈረንሻሉን ከ3.909 ወደ 3.65 እንደመቀየር ነው። ይህን ዲፈረንሻል ልግጠምልህ ቢባል፣ ለጭነትና ለዳገት የሚፈልገው ሰው "ይህማ ያደክመዋል" ብሎ እምቢ ይል ነበር። በጎማ በኩል ሲመጣ ግን ሳያውቀው ይቀበለዋል።

እዚህ ላይ ስፋትና ቁመት መለየት አለባቸው። ማርሹን የሚለውጠው ቁመቱ ነው። ስፋቱ በመሬት መያዝ፣ በመንከባለል ድካምና በነዳጅ ላይ የራሱ ጣጣ አለው፤ የማርሹን ምጥጥን ግን አይነካም። 17 ኢንች ቸርኬ በ18 ተተክቶ የጎማው ጎን ዝቅ ቢል፣ አጠቃላይ ቁመቱ እስካልተለወጠ ድረስ ማርሹ ያው ነው። ለምሳሌ 265/60አር18 ቁመቱ 775 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመጀመሪያው ጎማ ጋር ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል።

ዳገቱ በቁጥር

ከነጭነቱ 2,900 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ፣ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚያወጣ ዳገት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይወጣል እንበል። ክብደቱን ወደ ላይ ለመሳብ ወደ 2,280 ኒውተን ኃይል ያስፈልጋል። የጎማው መንከባለልና የአየሩ ተቃውሞ ሲታከሉበት በግምት 2,880 ይደርሳል። ይህን ወደ ሞተሩ መልሰን ስናሰላ፣ በካምቢዮና በዲፈረንሻል ከሚባክነው 10 በመቶ ያህሉን አስበን፣ በአራተኛ ማርሽ በፋብሪካው ጎማ ሞተሩ በደቂቃ 1,600 ዙር ላይ ሆኖ ወደ 317 ኒውተን ሜትር ቶርክ ማውጣት አለበት። በትልቁ ጎማ ግን ዙሩ ወደ 1,500 ይወርድና የሚጠየቀው ቶርክ ወደ 340 ኒውተን ሜትር ይወጣል።

ሁለቱ ለውጦች በአንድ ጊዜ መምጣታቸው ልብ ሊባል ይገባል። ሞተሩ ብዙ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀውም ለመስጠት በማይመቸው ዙር ላይ ሆኖ ነው። የቶዮታ ባለ 3 ሊትር 1ኬዲ ቱርቦ ሞተር በሃይሉክስ ላይ ሲገጠም ትልቁ ቶርኩ 343 ኒውተን ሜትር ነው። በፋብሪካው ጎማ በአራተኛ ማርሽ ትንሽ ትርፍ አለው። በትልቁ ጎማ ግን ያለውን ሁሉ አውጥቶ ገና ልክ ይሆናል። ከፊቱ ያለው ከባድ መኪና ፍጥነቱን ቢያዘገየው ወይም ዳገቱ ትንሽ ቢጠና የሚጨምረው ነገር የለም።

ሾፌሩ ወደ ሦስተኛ ሲመልስ ነገሩ ይቃለላል። ዙሩ ወደ 2,150 ይወጣል፤ የሚፈለገው ቶርክም ወደ 237 ኒውተን ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ትልቅ ጎማ የሞተሩን የፈረስ ጉልበት አይቀንስም፤ ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበትም ለሁለቱም ጎማዎች ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የሚጠፋው የማርሾቹ ቦታ ነው። አራተኛው ማርሽ የዳገት ማርሽ መሆኑ ይቀርና የሜዳ ማርሽ ይሆናል። አምስተኛውም ነፋስ በሌለበት ሜዳ ካልሆነ የማይገባ ይሆናል። ሾፌሩ ከቀድሞው ይልቅ በሦስተኛ ብዙ ይቆያል።

መመለሻ የሌለው ግን አንደኛ ማርሽ ነው፤ ከእሱ በታች ሌላ የለም። በፋብሪካው ጎማ ሞተሩ በ1,000 ዙር በአንደኛ ሲሄድ መኪናው በሰዓት 8.7 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በትልቁ ጎማ 9.3 ይሆናል። ከዚያ በታች ባለው ፍጥነት፣ ዳገት ላይ ተነሥቶ እስኪያዝ ድረስ፣ ወይም ድንጋያማ መንገድ ላይ ቀስ ሲባል፣ ልዩነቱን የሚሸከመው ፍሪሲዮኑ ነው። እየተንሸራተተ፣ እየጋለ፣ ሸራው እያለቀ። ትልቅ ጎማ ያስገጠመ ፒክአፕ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ቢጨርስ ሊገርም አይገባም። ባለ አራት ጎማ እንቅስቃሴ የሆነው ሃይሉክስ ዙሩን በ2.57 እጥፍ የሚቀንስ ተጨማሪ ከባድ ማርሽ አለው። ጠጠርና ጭቃ ላይ ይህ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ያድናል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን የፊትና የኋላ አክስሎችን አስሮ ስለሚያንቀሳቅስ አይመከርም።

ደጋው የሚያከብደው

የናፍጣ ሞተር ዝነኛ የሆነው በዝቅተኛ ዙር በሚሰጠው ቶርክ ነው። "ናፍጣ አይደል? ዙሩ ቢወርድስ ምን ይሆናል?" የሚባለው ከዚህ የመነጨ ነው። ዝናው እውነት ነው፤ ወሰን ግን አለው። የዛሬ የናፍጣ ሞተር ዝቅተኛ ዙር ላይ ብርቱ የሚሆነው በቱርቦ ነው። የቱርቦው ተርባይን የሚሽከረከረው ደግሞ በጭሱ ፍሰት ነው፤ ዙሩ ዝቅ ሲል ጭሱ ያንሳል፤ ጭሱ ሲያንስ ቱርቦው አየር አይገፋም። የቶዮታ ባለ 2.8 ሊትር 1ጂዲ ሞተር ከእጅ ማርሽ ጋር ሲሆን 420 ኒውተን ሜትሩን የሚሰጠው ከ1,400 እስከ 2,600 ዙር ባለው ክልል ነው። ከ1,400 በታች ያለው ሞተር ግን ሌላ ነው፤ ትንፋሹ ያጠረ፣ ምላሹ የዘገየ። የ1,500 ዙር ጉዞ በወረቀት ላይ ከዚህ በር በላይ ነው፤ ነገር ግን በሩ ላይ የቆመ ሞተር ጥቂት ሲገፋ ይወድቃል።

የአገራችን ደጋ ሌላ ጫና ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያስገባው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ፣ ከአምስት አንድ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጉልበት ያጣል። የድሮው ሃይሉክስ 5ኤል ሞተርና ላንድክሩዘር ፒክአፕ ላይ የምናውቀው ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። 1ኤችዜድ ጠንካራ፣ ለዘመናት የሚያገለግል ሞተር ነው፤ ነገር ግን ትልቁ ቶርኩ 285 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ የሚገኘውም በ2,200 ዙር ላይ ነው። እንዲህ ላለው ሞተር በደጋ ላይ ሌላ 7 በመቶ መቀነስ፣ ከደሃ ኪስ ቀረጥ እንደመሰብሰብ ነው።

ቱርቦ ያለው ሞተር የሳሳውን አየር በብዛት ያካክሳል፤ ግን በነጻ አይደለም። ለዚያው የአየር መጠን ተርባይኑ ፈጥኖ መሽከርከር አለበት፤ ለዚህም ብዙ ጭስ፣ ማለትም ከፍ ያለ ዙር ይፈልጋል። ቆላ ላይ በ1,400 የሚነቃው ሞተር ደጋ ላይ የሚነቃው ከዚያ ዘግይቶ ነው። ትልቅ ጎማ ዙሩን ወደ ታች ያወርዳል፤ ከፍታው የመንቂያውን ዙር ወደ ላይ ያወጣል። መካከል ላይ የተገኘው ሾፌር ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ መኪናው ግን አይሰማውም።

ይህ ሁኔታ ሲደጋገም ሞተሩን ይጎዳል። ዙሩ ዝቅ ብሎ ነዳጁ ሲበዛ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይከብዳል፤ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል። አየሩ የማይበቃው ነዳጅ በከፊል ይቃጠልና ጥቁር ጭስ ይሆናል፤ ጥላሸቱም በቱርቦውና በአየር መግቢያው ላይ ይከማቻል። የሞተሩ ምት በዝቅተኛ ዙር ሲራራቅ ንዝረቱ በፍሪሲዮንና በካምቢዮ ይታወቃል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ቶሎ ማርሽ መቀነስ፣ ዳገት ላይ ዙሩን 2,000 አካባቢ መጠበቅ። በዙር የሚጨነቅ ሾፌር "ሞተሩን አላስጮህም" ብሎ በአራተኛ ሲያስቃስተው፣ ሊያድነው የፈለገውን ሞተር ይጎዳል።

ቁልቁለቱም አለ

ስለ ጎማ ሲወራ የሚረሳው መውረዱ ነው። 2,900 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ (የዓባይ ሸለቆ ከዚህም ይበልጣል) ወደ 28 ሚሊዮን ጁል ኃይል በሙቀት መልክ መጥፋት አለበት። ይህ 85 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሙቀቱን የሚካፈሉት ነፋሱ፣ የጎማው መንከባለል፣ ሞተሩና ፍሬኑ ናቸው። ሞተሩ ብዙ ከያዘ የፍሬኑ ሸራ ይድናል፤ ሞተሩ ትንሽ ከያዘ ሸራው ይቃጠላል።

ትልቅ ጎማ በሁለቱም በኩል ይጎዳል። ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በማርሽ ሲይዝ፣ የመያዣው ኃይል በዚያው ምጥጥን ተባዝቶ ወደ ጎማ ይደርሳል፤ ጎማው ሲያድግ ይህም ያንሳል። ዙሩም ዝቅ ስለሚል ሞተሩ የሚውጠው ሙቀት ከ7 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ፍሬኑ ደግሞ አክስሉ ላይ የሚፈጥረው የመያዣ ቶርክ ያው ሆኖ ወደ መሬት ሲደርስ በረዘመው ርቀት ይካፈላል። ፔዳሉ በዚያው ልክ ሲረገጥ መኪናው ቀድሞ ከሚቆምበት አልፎ ይቆማል። ወፍራም ጎማ ከበድ ስለሚል፣ ክብደቱም ከመሐል ርቆ ዳር ላይ ስለሚዞር፣ ለማስነሣትም ለማቆምም ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ጎማ ያሳደገ ሰው የወጣውን ዳገት በወጣበት ማርሽ ከመውረድ ይልቅ፣ ከዚያ በአንድ ከበድ ባለ ማርሽ መውረድን መልመድ አለበት።

የሚገኘው ጥቅም በልኩ

ትልቅ ጎማ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ ድንጋይ ሲመታው ቸርኬውን ይጠብቃል፤ ለኮረኮንችም ይለሰልሳል። ጉድጓድን ተሻግሮ ይሄዳል። የከፍታ ትርፉን ግን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 55 ሚሊ ሜትር የጨመረ ጎማ ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው የዚያን ግማሽ፣ 27 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለሦስት ጣት የማይሞላ ከፍታ ከሁሉም ማርሾች 7 በመቶ ተከፍሏል።

ሰፊ ጎማ ለአሸዋ ይመቻል፤ መሬቱ ላይ ይንሳፈፋል። በዝናብ የራሰ ዋልካ ላይ ግን ከላይ የሚንሳፈፍ ሰፊ ጎማ ብዙ ጊዜ ይንሸራተታል፤ ቀጭኑ ጭቃውን ሰንጥቆ ደረቅ መሬት ይፈልጋል። ላንድክሩዘር ፒክአፕ ላይ ለዘመናት የታየው 7.50አር16 ጎማ ቁመቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ፣ ወርዱ ግን ጠባብ ነው። ከፍታ ሰጥቶ ስፋት አይከፍልም።

በነዳጅ በኩል የሚነገረውም ጥንቃቄ ይሻል። በሜዳ፣ ያለ ጭነት፣ ዙሩ ዝቅ ሲል የሞተሩ የራሱ ፍትጊያ ስለሚቀንስ ትንሽ ቁጠባ ይኖራል። ጥርሰ ትልልቅ፣ ሰፊና ከባድ ጎማ ግን ለመንከባለል የሚጠይቀው ይበዛል፤ መኪናውም ከፍ ሲል ነፋሱን ይበልጥ ይጋፈጣል። አብዛኛውን ጊዜ ቁጠባው በዚህ ይዋጣል። ባለቤቱ ግን እውነቱን በመለኪያ ሰሌዳው አያገኘውም፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ተሳስቷልና። ጎማው በ7 በመቶ ሲያድግ መኪናው 10,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቆጣሪው 9,346 ብቻ ይመዘግባል። ነዳጅ የበላ ይመስላል፤ የዘይት መቀየሪያ ጊዜም ሳይታወቅ ያልፋል። ሰሌዳው 100 ሲል መኪናው ከዚያ ሊፈጥን ይችላል። ፋብሪካዎች ሰሌዳው ትንሽ አብልጦ እንዲያሳይ አድርገው ስለሚሠሩት ከፊሉ ይካካሳል፤ ግን ስልክ ላይ ባለ የሳተላይት መለኪያ አንዴ ማነጻጸር ይበጃል።

መልሶ ማስተካከል

ትልቁን ጎማ የግድ የሚፈልግ ሰው የጠፋውን ማርሽ በዲፈረንሻል መልሶ ማግኘት ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የድሮውን ምጥጥን በአዲሱ የጎማ ቁመት አባዝቶ ለድሮው ቁመት ማካፈል። 3.909 ሲባዛ በ831፣ ሲካፈል ለ776፣ 4.19 ገደማ ይሰጣል። ቶዮታ ከሚሠራቸው መካከል ለዚህ የሚቀርቡት 4.100 እና 4.300 ናቸው። የመጀመሪያው ከቀድሞው 2 በመቶ ያህል ቀለል ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሜዳ ባዶውን ለሚሄድ ይሻላል። ሁለተኛው ወደ 3 በመቶ ከበድ ይላል፤ በደጋ ለሚጭን ይሻላል። በ4.300 እና በትልቁ ጎማ በአምስተኛ ማርሽ 80 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ዙሩ ወደ 1,840 ይሆናል፤ ከፋብሪካው 1,790 ብዙም አይርቅም።

ሁለት ነገር ግን አይዘነጋም። አንደኛ፣ መኪናው በአራቱም ጎማ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የፊትና የኋላው ዲፈረንሻል ምጥጥን አንድ መሆን አለበት፤ የጎማዎቹም ቁመት እንዲሁ። የኋላው 4.3 ሆኖ የፊቱ 3.9 ቢቀር፣ አራቱ ጎማ ሲያያዝ ሁለቱ አክስሎች ይጣላሉ፤ የሚሰበረውም ደካማው ክፍል ነው። ሁለት አዲስና ሁለት ያረጀ ጎማ ገጥሞ አራቱን ማስገባትም የዚያው ጥፋት ታናሽ ወንድም ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የተገኘ ያገለገለ ዲፈረንሻል ከውጭ ሲያዩት ምጥጥኑን አይናገርም። ተከፍቶ ጥርስ ከተቆጠረ ጥሩ ነው፦ 43 ለ11 ከሆነ 3.909፣ 41 ለ10 ከሆነ 4.100፣ 43 ለ10 ከሆነ 4.300 ነው። መኪናው ላይ ያለውን ሳይፈታ ለማወቅ ደግሞ፣ የፊት ጎማዎቹ ታግተው፣ ካምቢዮው ነጻ ሆኖ፣ አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ይነሣል፤ ሌላው መሬት እንደያዘ ይቆያል። የተነሣው ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር ሲዞር ኮሮናው አንዴ ይዞራል፤ በዚህ ጊዜ ረጅሙ ዘንግ ስንት ጊዜ እንደዞረ መቁጠር ነው። አራት ሊሞላ ጥቂት ከቀረው 3.909፣ አራትን ጥቂት ካለፈ 4.100፣ ሩብ ዙር ገደማ ካለፈ 4.300 ነው። መንሸራተትን የሚያግድ ዲፈረንሻል ላለው ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። 38 ኢንች ጎማ ያላቸውን ሃይሉክሶች ለበረዶ የሚያዘጋጀው የአይስላንዱ አርክቲክ ትራክስ፣ ጎማውን ሲያሳድግ ዲፈረንሻሉንም አብሮ ይለውጣል። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች የሚያውቁት የራም ትልልቅ ፒክአፕ ደግሞ በአንድ ዓይነት ከሚንስ የናፍጣ ሞተር ላይ 3.42፣ 3.73 ወይም 4.10 ዲፈረንሻል ምርጫ ሲያቀርብ ቆይቷል። ከባድ ተጎታች የሚስበው 4.10ን ይመርጣል፤ በአውራ ጎዳና ላይ ባዶውን የሚውለው 3.42ን። ሞተሩ አንድ ሆኖ መኪናው ሁለት ዓይነት የሚሆነው በዚህ ነው። 4.10 ከፍሎ የገዛ ሰው 7 በመቶ የሚረዝም ጎማ ቢያስገጥም፣ በእጁ የሚቀረው 3.83 ነው፤ ለጭነት ብሎ ከከፈለበት ጥቂት የማይባለውን መልሶ ሰጥቷል።

ማን ምን ይግጠም

ፋብሪካው ጎማውንና ዲፈረንሻሉን የመረጠው አብሮ ነው፤ አንዱን ብቻ የሚለውጥ ሰው ስምምነቱን ያፈርሳል። የቁመቱ ልዩነት እስከ 3 በመቶ ድረስ ከሆነ ችግሩ ትንሽ ነው፤ ያለቀና አዲስ ጎማም ከዚህ ብዙም በማያንስ ልክ ይለያያሉ። ከ3 እስከ 5 በመቶ ያለውን ቱርቦ ያለው፣ ቀላል ጭነት የሚይዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሜዳ የሚሄድ መኪና ይችለዋል፤ ሾፌሩ ግን በጊዜ ማርሽ መቀነስ ይኖርበታል። ከዚያ በላይ ያለው ዲፈረንሻልን አብሮ ለመቀየር የተዘጋጀ ሰው ውሳኔ ነው። ቱርቦ ለሌለው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚውል፣ ሁልጊዜ ጭኖ ለሚወጣና ለሚወርድ ፒክአፕ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፦ በፋብሪካው ቁመት ይቆይ። ለጭቃና ለድንጋይ ጠንካራ ጎን ያለው፣ ጥርሱ ትልቅ ጎማ ከፈለገ በዚያው ቁመት ይፈልግ፤ ገበያው ላይ አለ። ጎሚስታው ጋር ከመሄድ በፊት የሁለቱን ጎማዎች ቁመት ማስላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሞተሩ ዳገት ላይ የሚያቃስትበትን ምክንያት ፍለጋ ጋራዥ ለጋራዥ ከመዞር ግን ያድናል።